ሴስና 172 ሲነጥርባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ለተማሪ አብራሪዎች የማሳረፍ ዝርዝር መመሪያ

ሴስና 172 በምትባለው ትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከማስተምራቸው ተማሪዎች በብዛት የምሰማው አቤቱታ አንድ ነው። «ፋይናል ላይ ሁሉም ጥሩ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ነጠረብኝ።» ፋይናል ወደ ማኮብኮቢያው ቀጥ ብሎ የሚወረድበት የመጨረሻው መስመር ነው፤ ነጠረ ማለት ደግሞ ጎማው መሬት ነክቶ አውሮፕላኑ ተመልሶ ወደ ላይ ዘለለ ማለት ነው። ከነጠረ በኋላ ምን እንዳደረጉ ስጠይቅ መልሱም ያው ነው። «አፍንጫውን ወደ ታች ገፋሁት።»

ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ነጠራ አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላን አይሰብርም። የሚሰብረው ከነጠራው በኋላ ባለችው አንድ ሰከንድ እጃችን የሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ ስታነቡ ያችን ሰከንድ አስቡ።

ሁለት ማሳሰቢያ ከመጀመራችን በፊት። አንደኛ፣ ይህ ጽሑፍ አጠገባችሁ የሚቀመጠውን አስተማሪ አይተካም። ሁለተኛ፣ የምጠቅሳቸው ፍጥነቶች የሴስና 172ኤስ ናቸው፤ ሁሉም በኖት። ሌላ ሞዴል የምታበሩ ከሆነ የራሱን መጽሐፍ ተከተሉ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ 172ዎች ፍጥነት መለኪያቸው በዋናነት በማይል ነው። 65 ማይል ማለት ደግሞ 56 ኖት ገደማ ብቻ ነው። ቁጥሩን አይታችሁ መስፈሪያውን ካላያችሁ ሳታውቁት ወደ ስቶል፣ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ወደሚያቅተው ሁኔታ፣ ትጠጋላችሁ።

ደረጃ 1፦ ሞተር ሳይነሳ

ወንበራችሁን አስተካክሉ። ሁልጊዜ በአንድ ከፍታና በአንድ ርቀት ተቀመጡ። ዛሬ ትራስ ይዛችሁ ነገ ያለ ትራስ ከተቀመጣችሁ፣ መሬቱ የሚታያችሁ በሌላ መልክ ነው፤ ትናንት የለመዳችሁት ፍሌር (ሊያርፍ ሲል አፍንጫውን ቀስ ብሎ ማንሳት) ዛሬ አይሠራም። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላና ወደ ፊት ነቅንቁት። የሴስና ወንበር ሐዲዱ ላይ ካልቆለፈ ስሮትል (የሞተር ኃይል መስጫውን) ስትሰጡ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እናንተም መሪውን ይዛችሁ አብራችሁ ትሄዳላችሁ።

እግራችሁን ዝቅ አድርጉ። ተረከዝ ወለሉ ላይ፣ የእግር ጣት ከፔዳሉ ግርጌ። ጣታችሁ ፔዳሉ አናት ላይ ካረፈ ፍሬን ይዛችሁ ነው የምታሳርፉት። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ቤት ይቅር።

የጎን ንፋሱን አስሉ። ካልኩሌተር አያስፈልግም። በንፋሱና በማኮብኮቢያው መካከል ያለው ማዕዘን 30 ዲግሪ ከሆነ የንፋሱ ግማሽ ከጎን ይመጣል። 45 ከሆነ ከአስር ሰባቱ። 60 ከሆነ ከአስር ዘጠኙ ገደማ። ማኮብኮቢያ 07 (አቅጣጫው 070 ዲግሪ)፣ ንፋስ ከ100 ዲግሪ በ12 ኖት ቢሆን 6 ኖት የጎን ንፋስ አላችሁ ማለት ነው። መጽሐፉ ላይ 15 ኖት የሚል ታያላችሁ። እሱ አውሮፕላኑ ሲፈተን የተሞከረበት ቁጥር ነው። ፈታኙ አብራሪ እናንተ አይደላችሁም። የእናንተ ወሰን አስተማሪያችሁ ለሶሎ፣ ማለትም ብቻችሁን ለመብረር፣ የፈረመላችሁ ነው።

ታወሩ (የአየር ማረፊያው መቆጣጠሪያ) «ጋስት»፣ ማለትም ድንገት የሚበረታ ንፋስ፣ ካለ የልዩነቱን ግማሽ ፍጥነታችሁ ላይ ጨምሩ። ንፋሱ 10፣ ጋስቱ 18 ከሆነ ልዩነቱ 8፣ ግማሹ 4 ነው። በ65 ፋንታ በ69 ትመጣላችሁ። «ለማንኛውም» ብላችሁ 10 እና 15 አትጨምሩ።

ለመጀመሪያ ሶሎ የምትወጡ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። አስተማሪው ሲወርድ አውሮፕላኑ በአንድ ሰው ክብደት ይቀልላል። ቶሎ ይነሳል፤ ሲያርፍም ከለመዳችሁት በላይ ይንሳፈፋል። ይህ እንደሚመጣ ሳይነገራቸው የወጡ ተማሪዎች ናቸው «ዛሬ አልወርድም አለኝ» ብለው የሚመለሱት።

በመጨረሻ አንድ ነጥብ ምረጡ። ከማኮብኮቢያው የመጀመሪያ ሲሶ ላይ የሚታይ ምልክት፣ ለምሳሌ የታክሲዌይ መታጠፊያ። «እዚህ ድረስ ጎማዬ ካልነካ እነሳለሁ»፣ ማለትም ሳላርፍ ተመልሼ እወጣለሁ፣ በሉ። ጮክ ብላችሁ በሉት። አየር ላይ ሆኖ መወሰን ከባድ ነው፤ መሬት ላይ የተወሰነን መፈጸም ግን ይቀላል።

ደረጃ 2፦ ከዳውንዊንድ እስከ ፋይናል

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የማሳረፍ ስህተት አብዛኛው ፍሌር ላይ ይታይ እንጂ የተወለደው አንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው።

1. ዳውንዊንድ ላይ፣ ማለትም ከማኮብኮቢያው ጎን ከማረፊያው በተቃራኒ አቅጣጫ ስትበሩ፣ ከምታርፉበት ቦታ ትይዩ ስትደርሱ ስሮትሉን ወደ 1,500 አርፒኤም (የሞተር ዙር በደቂቃ) ዝቅ አድርጉ። ፍጥነቱ ከ110 በታች መሆኑን አይታችሁ ፍላፕ (ከክንፉ የኋላ ጠርዝ ወደ ታች የሚወርደውን ክፍል) 10 ዲግሪ አውርዱ። ከ10 በላይ ለማውረድ ከ85 በታች መሆን አለባችሁ።

2. ቤዝ (ዳውንዊንድን ከፋይናል የሚያገናኘው መስመር) ላይ ፍላፕ 20፤ ፍጥነት ወደ 70 እና 75 መካከል።

3. ወደ ፋይናል ስትታጠፉ ክንፉን ከ30 ዲግሪ በላይ አታጋድሙ። እዚህ ላይ ቆም ልበል። መስመሩን አልፋችሁት ከሄዳችሁ እግራችሁ ራደር (አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረውን የጭራ መሪ) ረግጦ አፍንጫውን ወደ መስመሩ መጎተት ያምረዋል። አትስሙት! 45 ዲግሪ ያጋደለ ክንፍ ከፍታውን ልጠብቅ ካለ የስቶል ፍጥነቱ በ19 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ራደር ሲጨመርበት አንዱ ክንፍ ቀድሞ ስቶል ያደርግና አውሮፕላኑ ይሾራል። ከ500 ጫማ ላይ ከሹረት መውጫ የለም። ስለዚህ መስመሩን ካለፋችሁ በሰላሙ ማጋደል ተመለሱ፣ ካልተመለሰ ደግሞ ተነስታችሁ እንደገና ዙሩ። ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሰው የሚገድለው ስህተት ይሄኛው ነው፤ ሌሎቹ በአብዛኛው ብረት ነው የሚያበላሹት።

4. ፋይናል ላይ ፍላፕ 30፣ ፍጥነት 65። የመስታወታችሁ አንድ ቦታ ላይ ሳይንቀሳቀስ የሚቆየውን የማኮብኮቢያ ነጥብ ፈልጉ። የምትሄዱት ወደዚያ ነው። ነጥቡ ወደ ላይ ከሸሸ አጥራችኋል፤ ወደ እናንተ ከመጣ አስረዝማችኋል።

5. 300 ጫማ ላይ አራት ነገር ፈትሹ። ፍጥነት 65፣ ቢበዛ 5 ጨምሮ። መስመር መሃል። ፍላፕ እንደታሰበው። የመውረድ ፍጥነት ወደ 350 ጫማ በደቂቃ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለና ወዲያው ካልተስተካከለ ተነሱ። «ትንሽ ልየው» አይሠራም።

ደረጃ 3፦ ፍሌር

ማኮብኮቢያው መግቢያ ላይ ስትደርሱ ዓይናችሁን ከአጠገባችሁ አንስታችሁ ወደ ሩቁ ጫፍ ውሰዱት። አፍንጫው ሥር ያለውን አስፋልት የሚያይ ተማሪ ከፍታውን አያውቅም፤ መሬቱ እየሮጠ ስለሚመጣበት ይደነግጥና መሪውን ቶሎ ይስባል። ሩቅ ስታዩ ግን የማኮብኮቢያው ሁለት ጠርዞች በዳር ዓይናችሁ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ሲነሱ ይታወቃችኋል። ከፍታ የሚለካው በዚህ ነው።

ከ10 እስከ 20 ጫማ መካከል መውረዱን ቀስ አድርጋችሁ አቁሙት። ስሮትሉን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ መልሱ። አሁን ለማሳረፍ አትሞክሩ፤ እንዳያርፍ ያዙት። መሪውን በስሱ፣ ሳታቋርጡ ሳቡ። ፍጥነቱ በሞተ ቁጥር ትንሽ ጨምራችሁ ሳቡ። በ172 ላይ የስቶል ቀንዱ ከስቶሉ ከ5 እስከ 10 ኖት ቀድሞ ይጮኻል። ጎማው ሊነካ ሲል ያ ድምፅ ከተሰማ ጥሩ እየሄዳችሁ ነው። መሬት የሚነኩት ሁለቱ ዋና ጎማዎች ናቸው። የአፍንጫው ጎማ በኋላ፣ በራሱ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

የጎን ንፋስ ካለ ክንፉን ወደ ንፋሱ ዝቅ አድርጉ፤ በተቃራኒው ራደር አፍንጫውን ከማኮብኮቢያው ጋር አስተካክሉ። ንፋሱ በመጣበት በኩል ያለው ጎማ ብቻውን ቀድሞ ይነካል። አያስደንግጣችሁ፣ ትክክል ነው።

ደረጃ 4፦ አንዱ ሲበላሽ

ተንሳፈፈ

ፍጥነት በዝቷል ማለት ነው። በ65 ፋንታ በ75 ስትመጡ የተሸከማችሁት ጉልበት በሲሶ ገደማ ይጨምራል። ያ ጉልበት እስኪያልቅ አውሮፕላኑ አይወርድም። ጠብቁ። ቀድማችሁ የመረጣችሁት ነጥብ ካለፈ ተነሱ። ገፍታችሁ ለማስነካት አትሞክሩ።

ሽቅብ ተነሳ

መሪውን ቶሎ ወይም አብዝታችሁ ስባችኋል። ከጥቂት ጫማ በላይ ካልተነሳ አፍንጫውን ባለበት ያዙት፣ ጠብቁ፣ መውረድ ሲጀምር ፍሌራችሁን ቀጥሉ። ትንሽ ስሮትል መውረዱን ያለሰልሰዋል። ብዙ ከተነሳ ውይይት የለም፤ ሙሉ ስሮትል። ከፍ ብሎ፣ አፍንጫው ሽቅብ ሆኖ፣ ፍጥነቱ እየሞተ ያለ አውሮፕላን ቀጥሎ የሚያደርገው መውደቅ ነው።

ነጠረ

ትንሽ ነጠራ ከሆነ፣ ማለትም ጎማው ከመሬት ብዙም ካልራቀ፣ ያው ነው። አፍንጫውን የማረፊያ ቦታው ላይ ያዙ፣ ትንሽ ስሮትል ስጡ፣ እንደገና በዋና ጎማዎቹ እንዲነካ ጠብቁ። ቀሪ ማኮብኮቢያ መኖሩን ተመልከቱ። ትልቅ ከሆነ ሙሉ ስሮትል። ትልቁን ከትንሹ መለየት ካቃታችሁ እንደ ትልቅ ቁጠሩት።

እጃችሁ ወደ ፊት ሊገፋ ሲል ይሰማችኋል። ሰው ነንና፣ ወደ መሬት መመለስ እንፈልጋለን። እኔም በተማሪነቴ ገፍቼአለሁ፤ አስተማሪዬ ሳይናገር መሪውን ሲይዝብኝ እጄ ውስጥ የተሰማኝ ጥንካሬ እስካሁን ትዝ ይለኛል። ዘግይቶ ቢሆን የአፍንጫው ጎማ ቀድሞ ይነካ ነበር።

መጋለብ ጀመረ

ከሁሉም በላይ ይህን ክፍል ደግማችሁ አንብቡ። የአፍንጫው ጎማ ቀድሞ ሲነካ ምን እንደሚሆን እዩት። መሬቱ አፍንጫውን ሽቅብ ይወረውረዋል። ክንፉ አየሩን በትልቅ ማዕዘን ይቀበልና አውሮፕላኑ እንደገና ይነሳል። እናንተ ደንግጣችሁ ትገፋላችሁ። ግፊታችሁ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ አውሮፕላኑ በራሱ መውረድ ጀምሯል። ስለዚህ የእናንተ ግፊትና የእሱ መውረድ አንድ ላይ ይሆኑና አፍንጫው በበለጠ ኃይል ይመታል። ቀጥሎ ደንግጣችሁ ትስባላችሁ፤ እሱም ይዘገያል። እንደ ፈረስ ግልቢያ ነው፣ እያንዳንዱ ዝላይ ካለፈው ይብሳል። ትንሽ ቆይቶ ፕሮፔለሩ አስፋልት ይመታል፣ ወይም የአፍንጫው እግር ይታጠፋል።

ግልቢያውን በእጅ ብልጠት ላርመው አትበሉ። እጃችሁ ሁልጊዜ ግማሽ ሰከንድ ወደ ኋላ ነው። ሕጉ ይህ ይሁን፦ ሁለተኛ ነጠራ ካለ ሦስተኛ የለም። አፍንጫውን ትንሽ ሽቅብ በሆነ ቦታ ያዙ፣ ሙሉ ስሮትል ስጡ፣ ሂዱ።

ከፍ ብሎ ፍሌር ሆነ

10 ጫማ ላይ መቆም ሲገባችሁ 25 ላይ ቆማችሁ፣ ፍጥነቱ እያለቀ ነው፣ ቀንዱም እየጮኸ ነው። አፍንጫውን አትጣሉ። ስሮትል ጨምራችሁ መውረዱን አለዝቡት፤ ወይም ሙሉ አድርጋችሁ ተነሱ።

በአፍንጫ ጎማ አረፈ

ዘግይታችሁ ስባችኋል፣ ወይም ጭራሽ አልሳባችሁም። በቀጥታ ወደ ግልቢያው ይወስዳል። የአፍንጫው ጎማ እግር የተያያዘው ሞተሩንና ካቢኑን ከሚለየው ፋየርዎል ከሚባለው ስስ የብረት ግድግዳ ጋር ነው። ያ ግድግዳ ሲሸበሸብ ከውጭ አይታይም፣ ጥገናው ግን ኪስ ያራግፋል።

ጎማው ነክቶ አቅጣጫው ጠፋ

ተማሪዎች ካረፉ በኋላ «ጨረስኩ» ይላሉ። አልጨረሳችሁም። ክንፉ አሁንም ሊበር ይፈልጋል፣ ጎማው ገና አልያዘም፣ ንፋሱም ከጎን እየገፋ ነው።

መሪውን እንደ መኪና አታዙሩ። የመኪና ልማድ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያደርጋል። አውሮፕላኑ ወደ ግራ ሲሄድበት መሪውን ወደ ቀኝ ያዞራል። መሬት ላይ መሪው ጎማ አያዞርም፤ ኤለሮን፣ ማለትም ክንፉን የሚያጋድለውን የክንፍ ጠርዝ ክፍል፣ ነው የሚያንቀሳቅሰው። የጎን ንፋሱ ከግራ ከሆነ ወደ ቀኝ በማዞራችሁ የግራውን ክንፍ ለንፋሱ አነሳችሁለት ማለት ነው። አቅጣጫ የሚያዘው በእግር ነው። እጃችሁ ኤለሮኑን ወደ ንፋሱ ይያዝ፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ማዞራችሁን ጨምሩ፣ እስከ መጨረሻው።

መሪውንም ወደ ፊት አትግፉ። ገፍታችሁ ስትሄዱ ክብደቱ ሁሉ በአፍንጫው ጎማ ላይ ይወድቅና ዋና ጎማዎቹ ይቀላሉ። አፍንጫውን ተደግፎ የሚሮጥ አውሮፕላን በትንሽ ራደር ዞሮ ክንፉን መሬት ያስመታል። ስሜቱ ከመጣ መሪውን ለቀቅ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡ።

ፍሬን በፍጥነት ላይ አትርገጡ። መጀመሪያ ራደር፣ ፍጥነቱ ከወረደ በኋላ ፍሬን፣ እሱንም በሁለቱም እግር እኩል።

አሁን ደግሞ ልዩ ሁኔታ። እስካሁን «ሙሉ ስሮትል» እያልኩ ነበር። ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው፣ አፍንጫው ወደ ማኮብኮቢያው ጠርዝ ዞሮ፣ አቅጣጫው ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ግን ስሮትል አትስጡ። ሙሉ ኃይል አውሮፕላኑን ወደ ግራ ይጎትታል፤ ፍጥነት ሳይኖረው ተነስቶ ከሜዳው ጎን ካለው ነገር ጋር ይጋጫል። ስሮትሉን መልሱ፣ መሪውን ሳቡ፣ በራደር ቀጥ ለማድረግ ታገሉ። ሣር ላይ መውጣታችሁ ካልቀረ በቀጥታ ውጡ። በመጨረሻ ሰዓት በኃይል ልመልስ ያለ ክንፉን ያስመታል። ሣር ላይ መቆም አሳፋሪ ቢሆንም ሰው አይጎዳም።

ደረጃ 5፦ መነሳት፣ ማለትም ጎ አራውንድ

ብዙ ተማሪዎች ይህን አስር ጊዜ ሳይለማመዱ ነው ሶሎ የሚወጡት። ከዚያ የመጀመሪያው እውነተኛ ጎ አራውንድ ግራ ያጋባቸዋል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አታዘበራርቁት።

1. ስሮትል እስከ መጨረሻው። አሮጌ ሞዴል ከሆነና ካርቡሬተር ሂት (ለሞተሩ ሞቃት አየር የሚያስገባውን) ከፍታችሁ ከነበረ ዝጉት። ወዲያው ቀኝ ራደር ርገጡ።

2. አፍንጫውን ያዙ። ለመውረድ ያደረጋችሁት ትሪም (መሪውን ከእጃችሁ ጫና የሚያቀልላችሁ ማስተካከያ) እና ሙሉ ፍላፕ፣ ኃይል ሲጨመርባቸው አፍንጫውን በኃይል ሽቅብ ይወስዱታል። በሁለት እጅ መግፋት ቢያስፈልግ ግፉ። አዎ፣ እስካሁን አትግፉ ስላችሁ ነበር። አሁን ልዩነቱ ሙሉ ኃይል መኖሩ ነው፤ የምትገፉትም አፍንጫውን ለማውረድ ሳይሆን ከልክ በላይ እንዳይነሳ ነው።

3. ፍላፕን ከ30 ወደ 20 ሰብስቡ። ወዲያው። ከ30 ቀጥታ ወደ 0 ግን በጭራሽ! ክንፉ በአንድ ጊዜ ማንሳቱን ያጣና አውሮፕላኑ ይሰምጣል።

4. 60 ኖት ያዙ። ጎማው እንደገና መሬት ቢነካ አትደንግጡ፤ ፍጥነቱ ይሰበሰባል።

5. መውጣታችሁን ከፍታ መለኪያው ካረጋገጠ በኋላ ፍላፕ 10። ፊት ለፊት ያለውን ዛፍና ሽቦ ካለፋችሁና 65 ከደረሳችሁ ፍላፕ 0። ከዚያ 74 ገደማ ይዛችሁ ውጡ። ትሪሙን አስተካክሉ።

6. ሬዲዮ በመጨረሻ። ታወሩ እየተነሳችሁ መሆኑን ያያል። አውሮፕላኑን ሳይዝ ማይክ የሚይዝ ተማሪ አይቻለሁ፤ ድምፁ ጥሩ ነበር፣ ፍጥነቱ ግን 50 ነበር።

ጎ አራውንድ አድርጋችሁ ስትመለሱ ማንም ለምን ብሎ አይወቅሳችሁም። የሚወቅስ ካለ አስተማሪ ቀይሩ።

ደረጃ 6፦ ከፍ ያለ ሜዳ ላይ ስትሆኑ

አሜሪካ በባሕር ጠለል አጠገብ ተምራችሁ ኢትዮጵያ ሄዳችሁ የምታበሩ፣ ወይም ዴንቨር አካባቢ የምትማሩ፣ ይህን አትዝለሉ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 7,600 ጫማ ነው። ቀኑ 25 ዲግሪ ከሞቀ አየሩ የሚሳሳው 10,600 ጫማ ላይ ያላችሁ ያህል ነው። መለኪያው 65 ሲል በእውነተኛው አየር ውስጥ የምትሄዱት በ76 ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይከተላል። መሬቱ ከለመዳችሁት በላይ ይሮጥባችኋል፤ ዓይናችሁ «ፈጠንክ» ይላችኋል፣ እናንተም አፍንጫውን ታነሱና ከ65 በታች ትወርዳላችሁ። ዓይናችሁን ሳይሆን መለኪያውን እመኑ። መንሳፈፉም መሮጫውም ይረዝማል፤ የምትመርጡት ነጥብ ይህን ያገናዘበ ይሁን። ሦስተኛው ወጥመድ ሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ምጣኔ ማስተካከያ) ነው። ቼክሊስቱ ከማረፍ በፊት ሚክስቸር «ሪች»፣ ማለትም ነዳጅ የበዛበት፣ ይላል። ከፍ ያለ ሜዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ከገፋችሁት ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበትና ለጎ አራውንድ የምትፈልጉትን ኃይል አይሰጥም። ከ3,000 ጫማ በላይ ለከፍታው በሚስማማው ልክ አሳንሱት፤ ልኩን ከአስተማሪያችሁ ጋር አየር ላይ ሞክሩ። ኃይሉ እንዲያም ሆኖ ደካማ ነው። ስለዚህ ለመነሳት ቀድማችሁ ወስኑ።

ደረጃ 7፦ ኃይለኛ ማረፍ ከሆነ በኋላ

ወገባችሁ ከተሰማችሁ፣ ወይም «ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ሌላ ዙር አትውጡ። ከማኮብኮቢያው ውጡ፣ ሞተር አጥፉ፣ ወርዳችሁ እዩ።

የፕሮፔለሩን ሁለት ጫፎች በጣት ዳስሱ። ጭረት ወይም መታጠፍ ካለ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ሞተሩ ዳግም አይነሳም። ፕሮፔለሩ አስፋልት ሲመታ ጉዳቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ይሄዳል፤ ሞተሩ ተከፍቶ መታየት አለበት። የአፍንጫውን እግር ከመጠን በላይ ሰምጦ እንደሆነ አረጋግጡ። ጎማዎቹን፣ ፍሬን አካባቢ ዘይት መንጠባጠቡን፣ ጭራው ሥር ያለችውን ማሰሪያ ቀለበት መፋቋን እዩ። ከመሪው ሥር ያለውን የካቢን ወለል ተመልከቱ፤ ፔዳሎቹ አጠገብ ብረቱ ከተሸበሸበ ፋየርዎሉ ተመትቷል።

ከዚያ ተናገሩ። ለአስተማሪ፣ ለሜካኒኩ፣ በመዝገብም ጻፉ። ከዓመታት በፊት ጠዋት ፍተሻ ላይ የተሸበሸበ ፋየርዎል ያለው አውሮፕላን አግኝቻለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሦስት ሰው አብርቶታል፣ ሦስቱም «ጥሩ ነው» ብለው ፈርመዋል። አንደኛው አውቆ ዝም ብሏል፤ የቀሩት ሁለት የተሰበረ አውሮፕላን ይዘው ወጥተዋል።

ደረጃ 8፦ ካልወጣላችሁ እንዴት ትለማመዳላችሁ

ደጋግሞ ማሳረፍ ብቻውን አያርምም፤ ስህተቱን ደጋግማችሁ ታጠኑታላችሁ። ሦስት መጥፎ በተከታታይ ካረፋችሁ ለዛሬ አቁሙ።

በሚቀጥለው ቀን ከአስተማሪያችሁ ጋር ረዥም ማኮብኮቢያ ፈልጉ። ከመሬት ጥቂት ጫማ ከፍ ብላችሁ፣ ትንሽ ስሮትል ይዛችሁ፣ ሳትነኩ መስመሩን መሃል ይዛችሁ ብረሩ። ግማሹ ላይ ስትደርሱ ተነሱ። አምስት ጊዜ ይህን ያደረገ ተማሪ ዓይኑ ከፍታውን ይለምዳል፤ ጎ አራውንዱንም አብሮ ይለማመዳል። ቀጥሎ 3,000 ጫማ ከመሬት በላይ ወጥታችሁ ሙሉ ፍላፕ አውርዱና ቀንዱ እየጮኸ በዝግታ ብረሩ። መሪው እንዴት እንደሚልፈሰፈስ እጃችሁ ይወቀው።

ቤት ስትገቡ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ የጎ አራውንዱን ስድስት እርምጃ በእጅና በእግር ሥሩት። የቤት ሰው ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ለእያንዳንዱ ማረፍም አንድ መስመር ጻፉ፦ ንፋሱ ስንት ነበር፣ 300 ጫማ ላይ ፍጥነታችሁ ስንት ነበር፣ ከነጠረ በኋላ እጃችሁ ወዴት ሄደ። ሃያ መስመር ሲሞላ ወረቀቱን ለአስተማሪያችሁ ስጡት። እሱ ከጎናችሁ ሆኖ ያላየው ነገር ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ ሁለተኛው፣ የ300 ጫማው ፍጥነት ላይ ይገኛል።